የእንጨት መርከብና የባሕር ማዕበል

የምኖርባት ከተማ ከባሕር እጅግ የራቀች ደጋ ናት። ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ባሕርን በዓይኑ ያየ አንድም የለም፤ እኔም ብሆን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ከሩቅ። እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ሁሉ ወደ ግድግዳ አስጠግተን፤ በክፍሉ ወለል ላይ ከእንጨት የተጠረቡ የጦር መርከቦችን ስናዋጋ ያየን ሰው ቢስቅብን አልፈርድበትም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በበሩ ብቅ ብሎ «ሁሉም ደኅና ነው፤ ውሃው ግን የታለ?» ብሎኛል። እርሱ ለቀልድ ተናገረው፤ እኔን ግን ሁለት ወር ሙሉ ያስጨነቀኝ ይኸው የውሃው ነገር ነው።

ጨዋታው ሥራ ከፈታ ሰው ጭንቅላት የወጣ እንዳይመስላችሁ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ነገሩ የእነርሱ ነውና።) ጆን ክለርክ የሚባል የስኮትላንድ ነጋዴ፤ በባሕር ላይ ተዋግቶ የማያውቅ ሰው፤ ትንንሽ የመርከብ ምስሎችን በጠረጴዛ ላይ እየደረደረ ስለ ባሕር ውጊያ ብልሃት ጽፎ በ1782 መጽሐፍ አሳተመ። በ1898 ደግሞ ፍሬድ ጄን የተባለው እንግሊዛዊ የዓለምን የጦር መርከቦች የሚዘረዝረውን የታወቀ መጽሐፉን ባወጣበት ዓመት የጨዋታ ሕግም አወጣ። በእርሱ ጨዋታ ተጫዋቹ በወረቀት የተሣለውን የጠላት መርከብ በእንጨት መምቻ ይመታዋል፤ በመምቻው ላይ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ የወጋው ስፍራ ጥይቱ ያረፈበት ስፍራ ነው። ሚስማሩም ልክ መካከል ላይ ስላልተተከለ፤ ጎበዝ ነኝ የሚለው ሁሉ ይስታል።

ትልልቆቹም ሰዎች ተጫውተውታል። በ1942 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሊቨርፑል ከተማ በወለል ላይ የሚጫወት ትምህርት ቤት ከፍቶ፤ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ ባልደረቦቹ የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች አካሄድ እየመረመሩ የአጃቢ መርከቦችን አዛዦች ያስተምሩ ነበር። አዛዦቹ ወለሉን በሙሉ እንዳያዩ ሸራ ይጋረድባቸውና በቀዳዳ ብቻ ይመለከቱ ነበር፤ በእውነተኛው ባሕር ሌሊቱና ጉሙ የሚያሳዩትን ያህል ማለት ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ልብ ሳልለው አልፌው ነበር። በኋላ ግን ተመልሼ መጣሁበት።

እኔን መጀመሪያ የማረከኝ ፍሌቸር ፕራት የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ ነው። ይህ ሰው በ1930ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ ከወዳጆቹ ጋር በሰፊ ወለል ላይ ይጫወት ነበር፤ ለየመርከቡም ዋጋ የሚያወጣበት ቀመር ሠራ። የመድፉን አፍ ስፋት በራሱ ያበዛዋል፤ ያንንም በመድፎቹ ቍጥር ያበዛዋል፤ የብረት ልብሱን ውፍረት፣ ቶርፔዶውን፣ አውሮፕላኑን ይጨምራል፤ በፍጥነቱ መጠን ያበዛዋል፤ በመጨረሻም የመርከቡን ክብደት ይደምርበታል። የሒሳብ መምህር ነኝና ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጻፍሁት ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልደብቅ አልችልም። አንድ ሙሉ የጦር መርከብ፤ ሰው ያለበት፣ ጭስ የሚተፋ፣ ብረት የለበሰ ነገር፤ በአንድ ቍጥር ሲጠቃለል ደስ ይላል። ነገር ግን በዚያ ቍጥር ውስጥ ነፋስ የለም።

ስለዚህ ነፋስ ልጨምርበት ተነሣሁ። በሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን እየሠራን እያንዳንዱን ግማሽ ማይል አልነው። ጨዋታው ሳይጀመር ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሁለት እንጥላለን። ሁለት ዳይስ 36 ዐይነት አወራረድ አለው፤ ከ36ቱ ውስጥ ድምሩ ከ2 እስከ 5 የሚሆነው 10 ጊዜ ነው፤ ይህን ጸጥ ያለ ባሕር አልሁት። ከ6 እስከ 8 የሚሆነው 16 ጊዜ ነው፤ መጠነኛ ሞገድ። ከ9 እስከ 11 የሚሆነው 9 ጊዜ ነው፤ ከባድ ባሕር። 12 የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱ አውሎ ነፋስ ነው። ልጆቹ አውሎ ነፋሱን በጣም ይመኙታል፤ ሳይመጣ ሲቀርም ያዝናሉ።

ቀጥሎም መርከቦቹን በቶን ሦስት ቦታ ከፈልኋቸው። ከ1000 ቶን በታች የሆነው በከባድ ባሕር ላይ ሊተኵስ አይችልም፤ ፍጥነቱም በግማሽ ይቀንሳል። ከ1000 እስከ 5000 ቶን ያለው ከመታው ጥይት ግማሹ ብቻ ይቈጠርለታል። ከ5000 ቶን በላይ የሆነው ምንም አይቀነስበትም፤ ግን በርቀትም ቢሆን ሰፊ ዒላማ ነውና በሚመታ ጊዜ በዳይሱ ላይ አንድ ይጨመርበታል። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ ረጅም መርከብ በሁለትና በሦስት ሞገድ ጀርባ ላይ ተንጋልሎ ሲሄድ፤ አጭሩ ግን በአንዱና በሌላው ሞገድ መካከል ይወድቃል። መርከብ ሲወዛወዝ የመድፉ አፍ አንድ ጊዜ ሰማይን አንድ ጊዜ ውሃን ያያል። አነጣጠሩ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሳት 10000 ሜትር ርቆ ያለውን ዒላማ በ175 ሜትር ያህል ያልፈዋል ማለት ነው። ይህን በክፍል ውስጥ በታንጀንት አሠራን፤ ትሪጎኖሜትሪ ለምን ይጠቅማል እያለ ሲያሰለቸኝ የነበረ አንድ ልጅ በዚያ ቀን ዝም አለ።

ሕጌ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ ነበረኝ። ታኅሣሥ 18 ቀን 1944 ከፊሊፒንስ በስተ ምሥራቅ የአድሚራል ሃልሲ የአሜሪካ መርከቦች ከአውሎ ነፋስ መካከል ገቡ። ጠላት አንድ ጥይት ሳይተኵስ ሦስት ዲስትሮየሮች፤ ኸል፣ ሞናጋንና ስፔንስ፤ ተገልብጠው ሰጠሙ፤ 790 ያህል ሰዎች ሞቱ። በዚያው ባሕር ላይ የነበሩት ከ40000 ቶን በላይ የሚመዝኑ ባትልሺፖች ግን ቀጥ ብለው ወጡ። ሦስቱ ትንንሾች 2000 ቶን ያህልና ከዚያ በታች ነበሩ። ሆኖም በታሪኩ ውስጥ በሕጌ ያልገባ አንድ ነገር አለ፤ ስፔንስ ነዳጅዋ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ነዳጅ ሲያልቅ የመርከቡ ታች ይቀልላል፤ ራሱ ይከብዳል። በባዶው ጋን የባሕር ውሃ መሙላት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ነዳጅ ሊቀዱ እየጠበቁ ሳለ ያን በወቅቱ አልጨረሱም። እኔም በካርዱ ላይ «ነዳጅ» የሚል ዓምድ ጨመርሁና ሕጉ አሁን ሙሉ ሆነ ብዬ ተኛሁ።

ከዚህ በኋላ ነው የኮሮኔልን ውጊያ የተጫወትነው።

ኮሮኔል በቺሌ አገር ጠረፍ የምትገኝ ከተማ ናት። ኅዳር 1 ቀን 1914 የእንግሊዙ አድሚራል ክራዶክና የጀርመኑ አድሚራል ፎን ሽፔ በዚያ ተገናኙ። በክራዶክ እጅ 14000 ቶን ያህል የምትመዝነው ጉድ ሆፕ፣ 9800 ቶን የሆነችው ሞንማውዝ፣ 4800 ቶን የሆነችው ግላስጎ፣ ከእነርሱም ጋር መድፍ የተጫነባት የመንገደኞች መርከብ ኦትራንቶ ነበሩ። በፎን ሽፔ በኩል ዋነኞቹ እያንዳንዳቸው 11600 ቶን የሆኑት ሻርንሆርስትና ግናይዘናው ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ስምንት ትልልቅ መድፎች አሉ። ባሕሩ ከባድ ነበረ፤ ስለዚህ እኛም ዳይስ ሳንጥል ከባድ ባሕር ብለን ጀመርን።

ክራዶክን የሆነው ከልጆቹ ሁሉ ትንሹ ነበር። ዝም ብሎ ካርዶቹን ሲያይ ቆየና መርከቦቹን በቀጥታ ወደ ጀርመኖች ነዳቸው። ስሌቱ ግልጽ ነበር፤ ከሩቅ የሽፔ ትልልቅ መድፎች ይበልጡታል፤ ከቅርብ ግን የእርሱ ባለ 6 ኢንች መድፎች ብዙ ናቸው፤ በጉድ ሆፕ 16፣ በሞንማውዝ 14፤ ቶሎ ቶሎም ይተኵሳሉ። ሁለቱም መርከቦቹ ከ5000 ቶን በላይ ስለ ሆኑ ባሕሩ አይቀንስባቸውም። ዳይሱም ረዳው። ግናይዘናው ሰጠመች፤ ሻርንሆርስት እየነደደች ሸሸች፤ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ፤ ትንሹን ልጅ ተሸከሙት። እኔም አብሬ አጨበጨብሁ።

ማታ ቤቴ ገብቼ የእውነተኛውን ውጊያ ታሪክ እንደ ገና ሳነብ ግን አፈርሁ። የጉድ ሆፕ ባለ 6 ኢንች መድፎች በመርከቡ ጎን በሁለት ደርብ የተደረደሩ ነበሩ፤ ስምንቱ ከላይ፣ ስምንቱ ከታች። የታችኞቹ ለውሃው እጅግ የቀረቡ በመሆናቸው ባሕር በከበደ ጊዜ ሞገዱ በመስኮታቸው ይገባል፤ ተኳሹ ጠላቱን ቀርቶ አረፋውን እንኳ አልፎ ማየት አይችልም። በሞንማውዝም እንደዚሁ ነበረ። የጀርመኖቹ ትልልቅ መድፎች ከፍ ብለው የተተከሉ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ቀን ከሁሉ የከበደችው መርከብ ከሁሉ የባሰ በባሕሩ ተጐዳች፤ የእኔ ሕግ ግን «ምንም አይቀነስባትም» ይላል።

በዚህ ላይ ብርሃኑ አለ። ፎን ሽፔ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ርቆ ቆየ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ የእንግሊዞች መርከቦች በቀላው ሰማይ ላይ እንደ ተቀረጸ ምስል ጐልተው ታዩ፤ የእርሱ ግን ከኋላቸው ባለው የጨለመ የብስ ውስጥ ጠፉ። ያን ጊዜ ተኰሰ። ጉድ ሆፕና ሞንማውዝ ከነሰዎቻቸው ሰጠሙ፤ ከ1600 በላይ ሰው፤ ከሁለቱ መርከቦች አንድ ነፍስ እንኳ አልተረፈም። ከጀርመኖች ወገን የሞተ የለም፤ የቈሰሉት ሦስት ነበሩ። የሊቨርፑሉ ሸራና ቀዳዳ ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም፤ የሚያስቈጣውም ይህ ነው። በ1759 በኪቤሮን ወሽመጥ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች በማዕበል መካከል ሲዋጉ፤ ቴዜ የተባለችው የፈረንሳይ ባለ 74 መድፍ መርከብ የታችኛውን ደርብ የመድፍ መስኮቶች ከፈተች፤ ውሃው በእነዚያው መስኮቶች ገባና ከ600 ከሚበልጡ ሰዎችዋ ጋር ወደ ታች ወረደች፤ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ እስከ ኮሮኔል 155 ዓመት ነው። በመካከሉ ሸራው ቀርቶ እንፋሎት መጣ፤ እንጨቱ ቀርቶ ብረት መጣ፤ መድፉ ግን እንደ ገና ለውሃው ቀርቦ ተሠራ። ምክንያቱም መርከብ በሚገዛበት ጊዜ የሚነበበው ካርዱ ነው፤ በካርዱ ላይ ደግሞ «16 መድፍ» ይላል እንጂ «ባሕር ሲከብድ 8» አይልም። የእኔም ካርድ እንዲሁ ነበረ።

የኦትራንቶ ነገር ደግሞ ያስቃል። በመዝገብ 12000 ቶን ናትና በእኔ ሠንጠረዥ ከሻርንሆርስት ትበልጣለች። ነገር ግን በዚያ ዘመን የንግድ መርከብ «ቶን» የሚለካው በክብደት አልነበረም፤ በመርከቡ ውስጥ ያለው ባዶ ስፍራ ተለክቶ 100 ኪዩቢክ ጫማው አንድ ቶን ይባል ነበር። የጦር መርከብ ቶን ግን የሚዛን ቶን ነው። እኔ ጤፍን በቁና፣ ብረትን በኪሎ ለክቼ የቱ ይበልጣል ስል ከርሜአለሁ። በተማሪ ደብተር ላይ ባገኘው ኖሮ በቀይ የምሰርዘው ስሕተት ነው።

ስለዚህ ሕጉን ለወጥሁት። የቶኑን ክፍል ለፍጥነትና ለመስጠም ብቻ ተውሁት። ለመተኰስ ግን የመርከቡን ካርድ አንድ በአንድ እያየን ለውሃ የቀረቡትን መድፎች በቀይ እርሳስ አሰመርንባቸው፤ በከባድ ባሕር ቀዮቹ ዝም ይላሉ፤ መርከቡ የቱንም ያህል ቢከብድ። ከሰዓቱ ጋር ፀሐይዋን በወለሉ በአንድ ወገን በብርቱካን ልጣጭ አመለከትን፤ ስትጠልቅ ልጣጩ ከኋላው ያለበት መርከብ በቀላሉ ይመታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ባስታወቅሁ ጊዜ ትንሹ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፤ ሕጉን የለወጡት እኔ ስላሸነፍሁ ነው» አለኝ። አልተቈጣም፤ ድምፁም ከፍ አላለም፤ ለዚህም ነው ቃሉ የወጋኝ። እውነቱን ነው። ሌላው ልጅ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ያን ማታ መጽሐፉን አልከፍተውም ነበር። መልስ እስካገኝ ጥቂት ቆየሁ፤ በመጨረሻም ባለፈው ሳምንት በነበረው ሕግ ያገኘው ድል ድል ሆኖ እንዲመዘገብ፤ ከእንግዲህ ወዲህም ሕግ የሚለወጠው መርከቦቹ ወለል ላይ ከመውጣታቸው በፊት ብቻ እንዲሆን በሰሌዳው ጥግ ጻፍሁ። ሌሎቹ ተስማሙ። እርሱ ግን «እንግዲያስ እንደ ገና ክራዶክን እሆናለሁ» አለ።

ካርዶቹን ተቀብሎ ቀዮቹን መስመሮች ቈጠረ። ከዚያም ጨርሶ ያልጠበቅነውን አደረገ፤ ኦትራንቶን ወደ ምዕራብ ወደ ሰፊው ውቅያኖስ አሰናበታት፤ የቀሩትን ሦስቱን መርከቦች ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዞረ። በደቡብ፤ ከ200 ማይል በላይ ርቃ፤ ካኖፐስ የምትባል ያረጀች ግን አራት ባለ 12 ኢንች መድፍ ያላት ባትልሺፕ እየመጣች ነበር። ጀርመኖች ተከተሉት። ሞገዱ ግን ከፊት ስለ ሆነ የሁሉም ፍጥነት ቀነሰ፤ ብርቱካኑ ልጣጭ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፤ ጨለመ። ጥይት ሳይተኰስ ጨዋታው አለቀ።

ክፍሉ እጅግ ተናደደ። «ፈሪ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ወጣ። እኔም ዝም በሉ ብዬ ለእውነተኛው ክራዶክ ይህ ለምን እንደ ከበደው ነገርኋቸው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አድሚራል ትሩብሪጅ ከሚበልጠው የጀርመን መርከብ ጋር አልዋጋም ብሎ በመቅረቱ ስሙ ጠፍቶ ነበር፤ በኅዳር ወር ለጦር ፍርድ ቀረበ፤ ነጻም ወጣ፤ ነጻ መውጣቱን ግን ክራዶክ ሳያይ ሞተ። ልጆቹ ይህን ጸጥ ብለው ሰሙ። ከዚያ በኋላ ነጥብ የመስጠት ነገር መጣ። በሠንጠረዤ ለሰጠመ መርከብ፣ ለተሰበረ መድፍ፣ ለተበላሸ ሞተር ነጥብ አለ። ትንሹ ልጅ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ጋሼ፤ ላልሰጠመ መርከብ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም። በፕራትም ቀመር እንዲህ ያለ ዓምድ አላየሁም። ለጊዜው በእርሱ ስም ትይዩ ባዶ ትቼዋለሁ።

የሚመጣው ቅዳሜ የፎክላንድ ደሴቶች ውጊያ ነው፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 1914። በዚያ ቀን ፎን ሽፔ ራሱ ከ17000 ቶን በላይ በሆኑ፤ እያንዳንዳቸው ስምንት ባለ 12 ኢንች መድፍ በያዙ ሁለት የእንግሊዝ መርከቦች ተያዘ። ሰማዩ የጠራ፤ ባሕሩም የተመቸ ነበር፤ እንግሊዞች ከሩቅ ቆመው ለሰዓታት ተኰሱበት። ሻርንሆርስትና ግናይዘናው ሰጠሙ፤ እርሱም ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር በዚያው ቀን ጠፋ። ከጦር መርከቦቹ ያመለጠችው ድሬዝደን ብቻ ናት፤ ያመለጠችውም ወደ ማታ አየሩ በከፋ ጊዜ ነው።

ጀርመኖችን የሚጫወቱት ልጆች ከወዲሁ ተቃውሞ አቅርበዋል። የአየሩ ነገር እንደ ታሪኩ ከተያዘ መጫወታችን ለምንድር ነው? ዳይስ ይጣል፤ ምናልባት ጉም ይመጣልናል ይላሉ። እንግሊዞቹ ደግሞ ኮሮኔል ላይ ከባዱን ባሕር ያለ ዳይስ ተቀብለን የለም ወይ፤ አሁን የጠራው ቀን የእኛ ሲሆን ዳይስ ከየት መጣ? ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የትንሹ ልጅ ድምፅ ደግሞ ገና አልተሰማም፤ ሁለቱንም ወገን እየዞረ ያዳምጣል። ውሳኔውን መርከቦቹ ከመውጣታቸው በፊት በሰሌዳው ላይ መጻፍ አለብኝ፤ እስከዚያ ድረስ ሁለቱን ዳይሶች መሳቢያዬ ውስጥ ቈልፌባቸዋለሁ።